አስቤዛው በር ድረስ ይምጣ፣ ገንዘቡ ግን አይሂድ

ደብዳቤው

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ብቻዬን ነው የምኖረው፤ ቤቴ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጉልበቴ ከታመመ ወዲህ ደረጃ መውጣትና መውረድ ፈተና ሆኖብኛል። ዕቃ ተሸክሜማ የማይታሰብ ነው። ልጄ ስልኬ ላይ አስቤዛ የሚታዘዝበት አፕ ጫነልኝ። ከዚያ ወዲህ በእሱ ነው የምገዛው። ገንዘቤ ውስን ስለሆነ እንዳላባክን ብዬ ትንሽ ትንሽ ነው የማዘው። ዛሬ ዘይት፣ ከነገ ወዲያ ሽንኩርትና ሳሙና፣ እንዲህ እያልኩ። በሳምንት ሦስቴ ይሆናል። ብዙ ያዘዝኩበት ቀን የለም። ግን ወሩ ሳያልቅ ጡረታዬ ያልቃል። ልጄ ‹ዴሊቨሪው ነው የሚጨርስሽ፣ ተይው› ይለኛል። ልተወው? ከተውኩት ማን ይገዛልኛል? ደግሞ ያን ሁሉ ደረጃ ወጥቶ የሚያመጣልኝን ልጅ ባዶ እጁን መሸኘት አንጀቴ አይችልም። እሱም ወጪ ነው። አንዳንዴ ሳስበው የሰነፍ ኑሮ የምኖር ይመስለኛል፤ አፍራለሁ። ምን ይመክሩኛል?

ጉልበቴ ነው ያሰረኝ»

መልስ

ውድ ጉልበቴ ነው ያሰረኝ፣

አፑን አይተዉት። ይህን ቀድሜ ልበል። ጉልበቱን ለታመመ ሰው ዴሊቨሪ ቅንጦት አይደለም፤ ምርኩዝ ነው። ምርኩዝ የያዘን ሰው ሰነፍ የሚል የለም። እርስዎም ራስዎን እንዲያ አይበሉ። ደግሞ ሂሳብ እናስላ ከተባለ በእግር ሄዶ መግዛትም ነፃ አይደለም። ትራንስፖርት አለ። ዕቃውን የሚሸከም ሰው ያስፈልጋል። ከደረጃው በኋላ ሁለት ቀን የሚያስተኛ ሕመም አለ፤ የማስታገሻው ክኒንም በገንዘብ ነው የሚገዛው። ልጅዎ እነዚህን የቆጠራቸው አልመሰለኝም።

ልጅዎ ግን ጨርሶ አልተሳሳተም። ገንዘብዎ የሚሾልከው በዚያው በኩል ነው። ደብዳቤዎ ውስጥ አንዱን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አነበብኩት፦ «እንዳላባክን ብዬ ትንሽ ትንሽ ነው የማዘው።» ነገሩ ያለው እዚህች ጋ ነው። በእግሩ ሱቅ ለሚሄድ ሰው ትንሽ ትንሽ መግዛት ቁጠባ ሊሆን ይችላል። ለሚያዝ ሰው ግን ትንሽ ትንሹ ነው የሚወደደው።

እንዴት? ቁጥር እናስገባበት። ለአንድ ማድረሻ 5 ይከፍላሉ እንበል፤ የየትኛውም አገር ገንዘብ ይሁን ግድ የለም። የ25 ዕቃ ካዘዙ ማድረሻው የዕቃውን 20 በመቶ ሆነ ማለት ነው። የ100 ዕቃ ካዘዙ ያው 5 ነው፤ አሁን ግን 5 በመቶ ብቻ ሆነ። ሞተረኛው አንድ ሳሙና ቢያመጣም አንድ ከረጢት ሙሉ ቢያመጣም መንገዱ ያው ነው። በሳምንት ሦስቴ ማለት በወር ወደ 13 ጊዜ ነው። 13 ጊዜ 5 ሲሆን 65። ያንኑ ዕቃ በወር በሦስት ዙር ቢያስመጡት 15። ሃምሳዋ ከጡረታዎ ላይ ሳትታይ እየሄደች ነበር።

ይህ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። እጁ ላይ ጥቂት ገንዘብ ያለው ሰው ጥቂት ጥቂት ነው የሚገዛው። ጥቂት የገዛ ደግሞ በየዙሩ ይከፍላል። ገንዘብ ያለው የወሩን ባንዴ ያስመጣና በነፃ ይደርስለታል። ብዙ አፖች ውስጥ ነፃ ማድረሻ የሚሰጠው ብዙ ላዘዘ ነው። ለዚህ አሠራር የሚሆን ስድብ አለኝ፤ ዓምዱ ላይ ግን አይወጣም።

አሁን አንድ ሥራ ልስጥዎት። የመጨረሻዎቹን ሦስት ትዕዛዞች ደረሰኝ ይክፈቱ። አፑ ውስጥ «ትዕዛዞቼ» ወይም «ታሪክ» የሚል ቦታ ይኖራል። ድምሩን አይዩ፤ ከድምሩ በላይ ያሉትን ትንንሽ መስመሮች ይዩ። ልጅዎ ዴሊቨሪ ብሎ የጠራው ነገር አንድ መስመር ብቻ ነው። ከሱ ሌላ የአገልግሎት ክፍያ የሚባል ሊኖር ይችላል። ይህ ብዙውን ጊዜ በመቶኛ የሚታሰብ ነው፤ ስሙ ቢያታልልም ዕቃውን ለሚያደርሰው ልጅ የሚሄድ አይደለም፣ ለድርጅቱ ነው። የአነስተኛ ትዕዛዝ ክፍያም አለ፤ ከተወሰነ መጠን በታች ሲያዙ የሚጨመር። በእርስዎ አስተዛዘዝ ይህቺ በየደረሰኙ ላይ ተቀምጣ ብትገኝ አይግረምዎት። ሰው በሚበዛበት ሰዓት ወይም «ቶሎ ይምጣልኝ» ሲሉ የሚመጣ ጭማሪም አለ። ዕቃው ራሱ ሳይነካ የሚከፈለው ይህ ሁሉ ነው።

ዕቃው ራሱስ? አዎ፣ እሱም። አንዳንድ አፕ ላይ የዕቃው ዋጋ ሱቁ መደርደሪያ ላይ ካለው ከፍ ይላል። ሁሉም እንዲህ አያደርጉም። በመደርደሪያው ዋጋ የሚሸጡም አሉ። የሚያስቸግረው ይህ ልዩነት ደረሰኝ ላይ በስሙ አለመጻፉ ነው፤ ዋጋው ውስጥ ተሸሽጎ ነው የሚመጣው። ማወቂያው ቀላል ነው። ዘወትር የሚገዟቸውን አሥር ዕቃዎች ስም ወረቀት ላይ ይጻፉ። ልጅዎ ወይም ጎረቤት ሱቁ ሲሄድ የአሥሩንም ዋጋ በስልክ ፎቶ ያንሳልዎት። ማታ ሻይዎን እየጠጡ ከአፑ ጋር ያስተያዩት። ሁለት ሦስት ሱቅ አፑ ውስጥ ካለ በሁሉም ላይ ይሞክሩት። አንዳንዴ ማድረሻ የሚያስከፍለው ሱቅ ነፃ ከሚያደርሰው ይረክሳል፤ ነፃ ያለው ማድረሻውን ሽንኩርቱ ላይ ጨምሮታልና። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው «ነፃ» የሚል ቀይ ጽሑፍ ላዩም ሰዎች ሳይሆን አይቀርም።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። 13ቱን ዙር ወደ ሦስት ማውረድ አለብን። ጡረታዎ በወር አንዴ የሚገባ ከሆነ ይህ ራሱ ትልቅ ዕድል ነው። ጡረታ በገባ ሰሞን የማይበላሹትን በሙሉ ባንዴ ይዘዙ፦ ዘይቱን፣ ሩዙን፣ ዱቄቱን፣ ጨውና ስኳሩን፣ ሳሙናውን፣ ሶፍቱን። ከባዱ ትዕዛዝ ይህ ነው። ከዚያ በወሩ ውስጥ ሁለት ጊዜ ብቻ አትክልቱንና ቶሎ የሚበላሸውን ያስመጡ። በቃ፣ ሦስት ዙር።

«በመጀመሪያው ሳምንት ይህን ሁሉ ካወጣሁ ምን ይተርፈኛል?» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ትክክል ነዎት። ይህን የሚመክሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚረሱት ይህንን ነው። ትልቅ ትዕዛዝ ለማዘዝ መጀመሪያ ትልቅ ገንዘብ ያስፈልጋል። ስለዚህ በአንድ ወር ለመድረስ አይሞክሩ። በዚህ ወር በየሳምንቱ ከሚያዝዟቸው ሦስት ትዕዛዞች ሁለቱን ብቻ አንድ ላይ ያድርጓቸው። ከማድረሻ በተረፈችው ገንዘብ ከማይበላሹት አንዱን፣ ዘይቱን ለምሳሌ፣ ሁለት ያድርጉት። በሚቀጥለው ወር ዘይት አይገዙም። የዘይቱ ገንዘብ ለሳሙናና ለሩዝ ይሆናል። እንዲህ እያሉ በሦስት በአራት ወር ጓዳው ራሱ አንድ ወር ይቀድምዎታል። እኔ ራሴ ሥራ ፈትቼ በነበረበት ጊዜ እንዲህ ነው የተወጣሁት። በመጀመሪያው ወር ምንም የተለወጠ ነገር አልመሰለኝም ነበር። በሦስተኛው ወር ግን ከወሩ መጨረሻ ጋር መጨቃጨቅ ተውን።

ትኩስ ነገርን ግን በብዛት አይግዙ። ርካሽ ነው ብለው ያስመጡት አምስት ኪሎ ቲማቲም ሁለቱ ኪሎ ከተጣለ አልረከሰም። ፍሪዘር ካለዎት ነገሩ ይቀላል። ዳቦ ይቀዘቅዛል፤ ሥጋ ይቀዘቅዛል፤ የተከተፈ ሽንኩርትና ቃሪያም ይቀዘቅዛል። ፍሪዘሩ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ፣ ፍሪጁ ደግሞ 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት። በሩ የላላ ፍሪጅ በየወሩ ሌላ አስቤዛ ይበላል፤ ጎማውን አንድ ቀን ይዩት። ዕቃው በር ላይ ሲደርስ ደግሞ የሚቀዘቅዘውን አስቀድመው ያስገቡ። ቶሎ የሚበላሽ ምግብ ከፍሪጅ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ ሙቀት በጠናበት ቀን ከአንድ ሰዓት በላይ። ሞተረኛው መንገድ ላይ የቆየባትም እዚያው ውስጥ ትቆጠራለች።

በሳምንት ሦስቴ የሚያዝዙበት ምክንያት ግን ገንዘብ ብቻ አይመስለኝም። አንድ ነገር ሲያልቅ ነው አፑን የሚከፍቱት አይደል? ጨው አለቀ፣ አፕ። ሻማ አለቀ፣ አፕ። ይህን የሚያስቆመው አንድ ወረቀት ነው። ፍሪጁ ላይ ይለጥፉት፤ እስክሪብቶ በክር ይሰሩበት። ዕቃው ሲያልቅ ሳይሆን ሊያልቅ ሲል ይጻፉት። አፑ የሚከፈተው በትዕዛዝ ቀን ብቻ ነው። በመሀል ጨው ቢያልቅብዎት ለአንድ ማንኪያ ጨው ማድረሻ ከመክፈል የጎረቤት በር ማንኳኳት ይሻላል። የጎረቤት ጨው ተመልሶ ይሰጣል።

ጎረቤት ካልኩ አይቀር፣ ሕንፃው ላይ እንደ እርስዎ የሚያዝዝ ሌላ ሰው አይጠፋም። ሁለታችሁ አንድ ላይ ብታዝዙ ማድረሻው ለሁለት ይካፈላል፤ የአነስተኛ ትዕዛዝ ክፍያውም ሊጠፋ ይችላል። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት፦ ገንዘቡን ከማዘዝዎ በፊት ይቀበሉ። «ዕቃው ሲመጣ እሰጥዎታለሁ» ብዙ ጉርብትና አበላሽቷል። ዝርዝሩንም ለየብቻ ጽፋችሁ ያዙ፤ ሲመጣ በደረሰኙ ላይ የየራሳችሁን እያከበባችሁ መደመር ነው።

ልጅዎንም ሥራ እናስይዘው። «ተይው» ማለት ቀላል ነው። ብዙ ሱቆች በአፕ ታዞ ራስ ሄዶ የሚወሰድበት መንገድ አላቸው። ማድረሻ የለውም፤ የአገልግሎቱም ክፍያ ብዙ ጊዜ ይቀራል ወይም ያንሳል። እርስዎ ቤትዎ ቁጭ ብለው ያዝዛሉ፣ እሱ ከሥራ ሲመለስ የታሸገውን ከረጢት አንስቶ ያመጣል። በወር አንዴ፣ ያውም ከባዱን ትዕዛዝ ብቻ። ሱቅ ውስጥ መዞር የለም፣ ሰልፍ የለም። እምቢ የሚልበት ምክንያት አይታየኝም። መጥቶ ሻይ ይጠጣል፤ እሱም ትርፍ ነው።

ሌላም መንገድ አለ፤ አሮጌ ስለሆነ ሰው ይረሳዋል። በአቅራቢያዎ ያለው ባለሱቅ ስልክ ካለው ይደውሉለት። ያለምንም አፕ ልጅ ልኮ የሚያደርስ ባለሱቅ ብዙ ነው። ዋጋው በአንዳንድ ዕቃ ከትልቁ ሱቅ ይበልጥ ይሆናል። ለድንገተኛ ነገር ግን ከአፑ ሊረክስ ይችላል። አሥሩን ዕቃ የጻፉበትን ወረቀት ይዘው ይጠይቁት።

አሁን «ይህን ያህል ቢሞሉ ማድረሻው ነፃ ነው» ስለሚለው። ወጥመድም ዕድልም ነው፤ እንደያዙት ነው። ነፃ ለመሆን 12 ጎደለ እንበል፤ ማድረሻው 5 ነው። የማይፈልጉትን የ12 ብስኩት ጨምረው 5 ቢያድኑ 7 ከሠሩ። ያቺኑ 12 በሚቀጥለው ወር የግድ በሚገዙት ሳሙና ቢሞሏት ግን 5 አተረፉ። ስለዚህ የወረቀትዎን ጀርባ ለዚህ ይጠቀሙበት። ከኋላ «አሁን የማያስፈልግ፣ ግን የማይቀር» ብለው ይጻፉና ሲጎድል ከዚያ ብቻ ይሙሉ። እዚያ ላይ የሌለ ነገር አይገባም። አፑ ጎደለ ባለ ቁጥር ቸኮሌት ነው የሚያሳየው፤ ሳሙና አያሳይም።

ወርሃዊ አባልነት የሚባለውም ይመጣብዎታል። «በወር ይህን ከፍለው ያለ ማድረሻ ይዘዙ» የሚለው። ማካፈል ብቻ ነው። የወሩ ክፍያ ለአንድ ማድረሻ ይካፈል። አባልነቱ 20፣ ማድረሻው 5 ከሆነ አራት ዙር ላይ እኩል ይሆናል፤ ትርፉ ከአምስተኛው ይጀምራል። በወር ሦስቴ ልናዝዝ ከሆነ ለእርስዎ ኪሳራ ነው። ደግሞ አባል የሆነ ሰው ማድረሻው ነፃ ነው እያለ ቶሎ ቶሎ ያዝዛል። ይህ የድርጅቶቹ ተስፋ ነው። በአሥራ ሦስት ዙርዎ ቢቀጥሉ ኖሮ ሌላ ምክር እሰጥዎት ነበር።

የመጀመሪያው ወር ነፃ ሙከራ ከተባለ ግን መጠቀም ነውር የለውም። ከባዱን ትዕዛዝ በዚያ ወር ያውጡት። ብቻ የኔን አያድርግብዎት። አንዴ ነፃ ሙከራ ጀመርኩና ረሳሁት። ሰባት ወር ሙሉ ከሒሳቤ ሲቆረጥ አላወቅኩም፤ ምክንያቱም የተቆረጠው ትንሽ ነው፣ ትንሽ ነገር ደግሞ አይጮኽም። ደውዬ ስጠይቅ የተመለሰልኝ የመጨረሻው ወር ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ነፃ ሙከራ በጀመርኩበት ቀን፣ እዚያው ቁጭ ብዬ፣ እሰርዘዋለሁ። ብዙዎቹ ቢሰረዙም እስከ ቀኑ ድረስ ይሠራሉ። ሲሰርዙ «እስከዚህ ቀን ይጠቀማሉ» የሚል ጽሑፍ ካላዩ ደግሞ ቀኑን ግድግዳው ካላንደር ላይ በቀይ ያክብቡት።

በእርስዎ እጅ ያለ፣ ሠራተኛ ሰው የሌለው አንድ ሀብት አለ፤ ቀኑን ሙሉ ቤት ነዎት። ይህ ገንዘብ ነው። ከሥራ ሲወጣ ሁሉም ሰው ያዝዛል፤ ያኔ ይወደዳል። «በአንድ ሰዓት ውስጥ» የሚለውን አይንኩት። «ነገ ጠዋት ከሦስት እስከ ሰባት ሰዓት ባለው ጊዜ» የሚል ሰፊ ምርጫ ካለ እሱን ይያዙ። ሞተረኛው መንገዱ ላይ የሌላ ሰው ዕቃ ጨምሮ ስለሚያደርስ ይረክሳል። ቅዳሜና እሁድን ለሠራተኛ ይተዉለት።

አፑ ላይ ስላለው የዋጋ ጨዋታ ብዙ አልልም። ትልቅ ማሸጊያ ሁሉ ርካሽ አይደለም። 750 ግራሙ 60፣ አንድ ኪሎው 75 ከሆነ ኪሎው ይሻላል፤ ትንሹ በኪሎ ሲሰላ 80 ነው። ሁለት ኪሎው 160 ከተባለ ግን ተመልሶ 80 ገባ። የስልኩ ካልኩሌተር ለዚህ ነው። ዝርዝሩን «ከርካሹ ጀምር» ብለው ያስተካክሉት። እንዲሁ ከተዉት ከላይ የሚመጣው ብዙ ጊዜ የተከፈለበት ማስታወቂያ ነው። የሱቁን ስም ብቻ የያዘ ሩዝና ስኳር ካለ አንድ ጊዜ ይሞክሩት፤ ስም ያለው ማሸጊያ ላይ ከሚከፍሉት ውስጥ የማስታወቂያው አለበት። በስም ይፈልጉ እንጂ እንደ ገበያ እየዞሩ አይዩ። «ዛሬ ብቻ ቅናሽ» እያለ ስልኩን የሚያንጫርረውን ማሳወቂያም ልጅዎ ያጥፋልዎት። የራበዎት ጊዜ ደግሞ አይዘዙ። እኔ ማታ ርቦኝ ያዘዝኩት ነገር ጠዋት ሲደርስ የሌላ ሰው ዕቃ ነበር የመሰለኝ።

ካርድ ከሆነ የሚከፍሉበት አንድ ልብ የሚባል ነገር አለ። በሚዛን የሚሸጥ ዕቃ ያለበት ትዕዛዝ ላይ አፑ ከዋጋው ትንሽ ከፍ ያለ ገንዘብ ይዞ ሊያቆይ ይችላል። ዕቃው ተመዝኖ ትክክለኛው ሲታወቅ ትርፉን ይለቃል። የሚለቀው ግን ወዲያው ላይሆን ይችላል። ሒሳቡ ሙሉ ለሆነ ሰው ይህ ምንም አይደለም። ለወር መጨረሻ ሰው ግን የመብራት ክፍያ ሊያስተጓጉል ይችላል። ስለዚህ ትዕዛዙን ሌላ ክፍያ ካለበት ቀን ጋር አያገናኙት።

ምትክ የሚሉትም አለ። ያዘዙት ዕቃ ከሌለ ሱቁ የመሰለውን ይልካል፤ የመሰለው ደግሞ የሚወደደው ሊሆን ይችላል። ሲያዝዙ «ከሌለ ይቅር» ወይም «ይደወልልኝ» የሚለውን ይምረጡ። ዕቃው ሲመጣ ልጁ ሳይሄድ በዓይንዎ ይቁጠሩ። የተሰበረ፣ የጎደለ ወይም የተበላሸ ካለ ፎቶ አንስተው በዚያው ቀን በአፑ ያመልክቱ። ብዙዎቹ የሚቀበሉት በአጭር ጊዜ ውስጥ ነው። ገንዘቡን እንመልስልዎት ወይስ ለሚቀጥለው ትዕዛዝ ይያዝልዎት ካሉ ገንዘቡን ይበሉ። የተያዘ ገንዘብ ሌላ ትዕዛዝ ይጠራል። ለሁለት እንቁላል መጨቃጨቅ ያሳፍረኛል ብለው አይተዉት። የከፈሉበት ነው።

ወደ ልጁ እንምጣ፤ ሦስተኛ ፎቅ ወደሚወጣው። ቲፑን አይቀንሱ። ከደረሰኙ ላይ መጨረሻ የሚነካው ይህ ነው። የአገልግሎት ክፍያው ለሱ እንዳልሆነ ተነጋግረናል። ግን ሂሳቡን ይዩልኝ። በ13 ዙር ሁለት ሁለት ቢሰጡ 26 ነው። በሦስት ዙር አራት አራት ቢሰጡ 12። ልጁ በአንድ መውጣት እጥፍ አገኘ፣ እርስዎ ደግሞ ከግማሽ በላይ ተረፈዎት። ከባዱን ትዕዛዝ በሚያመጣበት ቀን አንጀትዎ ጨምሪ ቢልዎት ይጨምሩለት። በእጅ መስጠት ከቻሉ በእጅ ይሁን። ውኃም ያቅርቡለት፤ ውኃ ደረሰኝ ላይ አይመጣም።

አንድ የቀረኝ አለ። ለጡረተኛ ወይም ለአካል ጉዳተኛ ማድረሻ የሚቀንሱ ሱቆች አሉ። ሳይጽፉት ለጠየቀ ብቻ የሚሰጡም ይኖራሉ። ይደውሉና በቀጥታ ይጠይቁ። የሌለ ቢሆን አንድ ስልክ ነው የጠፋው።

ሥራውን በደረሰኞቹ ይጀምሩ። ሲያገላብጡ ያልገባዎት መስመር ካጋጠመዎት ቃሉን እንዳለ ገልብጠው ይላኩልኝ። አንዳንዱ ስም ለኔም አዲስ ነው፤ በየጊዜው አዲስ ይፈለስፋሉ።